ከሆድ ውጭ በሰው ገላ ውስጥ ስለሚኖሩ ትሎች

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተጻፈ

ትል በተባለ ጊዜ የአገራችን ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ኮሶንና ወስፋትን ነው። እነዚህ በአንጀት የሚኖሩ ናቸውና አባቶቻችን ስማቸውን ለይተው፤ መድኃኒታቸውንም ከኮሶ አበባ፣ ከእንቆቆና ከመተሬ እየቀመሙ ሲጠጡ ኖረዋል። ዳሩ ግን በአንጀት ሳይወሰኑ በሥጋ፣ በቆዳና በደም ሥር ውስጥ ገብተው የሚኖሩ ሌሎች ትሎች አሉ። እነዚህ ኮሶ በመጠጣት አይወጡም፤ ሰውም ወደ ሜዳ በወጣ ጊዜ አያያቸውም። ስለማያያቸውም ሕመሙን ለመጋኛ፣ ለእርግማን ወይም ለክፉ ዓይን ይሰጠዋል። ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ደግሞ መከላከያው አይታወቅም።

በዚህ ጽሕፈት የምንናገረው ስለ ሦስቱ ነው። አንደኛው በሚጠጣ ውሃ የሚገባው የጊኒ ትል ነው፤ ሁለተኛው በሚታጠቡበትና በሚዋኙበት ውሃ የሚገባው የቢልሃርዝያ ትል ነው፤ ሦስተኛው በፈጣን ወንዝ ውስጥ በምትራባ ጥቁር ዝንብ የሚገባው የኦንኮሰርካ ትል ነው። ሦስቱ በመልክ፣ በአኗኗርና በሚያመጡት ሕመም ይለያያሉ፤ መገናኛቸው ግን ውሃ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል የአገራችን ሰው፤ ይህም ቃል ለዋናተኛው ብቻ ሳይሆን ለጠጪውም ለአጣቢውም የሚሆን መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን። የዓመቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅ።

ስለ ጊኒ ትል

ይህ ትል ከጥንት ዘመን ጀምሮ ሰውን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። በግብጽ አገር ሳይፈርስ ከቆየ የጥንት ሰው ሬሳ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዚህ ትል ቅሪት ተገኝቷል። በኦሪት ዘኁልቍ እስራኤልን በምድረ በዳ ስለ ነደፉት እባቦች የጻፉ አንዳንድ ሊቃውንትም፤ እነዚያ ምናልባት ይህ ትል ይሆኑ ይሆናል ብለው ገምተዋል፤ ይህ ግን ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ወደ ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲህ ነው። በኩሬና በቆመ ውሃ ውስጥ ከነጥብ የማትበልጥ፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር የውሃ ቁንጫ ትኖራለች። የትሉን እጭ የዋጠች ቁንጫ ባለችበት ውሃ ሰው ሳያጠል የጠጣ እንደ ሆነ ቁንጫይቱ በጨጓራው ውስጥ ትሞታለች። እጩ ግን አይሞትም፤ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ወደ ሥጋ ያልፋል። በዚያም ወንዱና ሴቲቱ ከተገናኙ በኋላ ወንዱ ይሞታል፤ ሴቲቱ ከቆዳ በታች እየተጓዘች ታድጋለች። ርዝመቷ እስከ 1 ሜትር ይደርሳል፤ ውፍረቷ ግን ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አንዳች አይሰማውም፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይድራል። የቁንጫይቱን ነገር አስቀድሞ መርምሮ ያስታወቀው አሌክሴይ ፌድቼንኮ የተባለ የመስኮብ ሊቅ ሲሆን ዘመኑም 1870 ገደማ ነው።

ከ10 እስከ 14 ወር ካለፈ በኋላ በእግሩ ወይም በሌላ ገላው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል፤ እንደ እሳትም ያቃጥለዋል። በሽተኛው ማቃጠሉን ለማብረድ እግሩን በኩሬ ይነክራል። በዚያ ጊዜ እብጠቱ ይፈነዳል፤ ሴቲቱም ትል ከቁስሉ ብቅ ብላ ብዙ መቶ ሺህ እጮችን በውሃው ውስጥ ትረጫለች። የውሃ ቁንጫዎች እነዚህን ይበላሉ፤ 2 ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ያንን ውሃ የጠጣ ሁሉ ትሉን ይቀበላል። እንግዴህ አስተውሉ፤ አንድ ሰው ሕመሙን ለማስታገስ አንድ ጊዜ እግሩን መንከሩ ለሚመጣው ዓመት የመንደሩን ሰው ሁሉ የሚያስተኛ ሆነ። ይህንንም ያደረገው በክፋት አይደለም፤ ባለማወቅ ነው።

ትሏ በወጣች ጊዜ በኃይል ስቦ ማውጣት አይገባም። የቀድሞ ሰዎች ያደርጉት እንደ ነበረ ዛሬም ሐኪሞች በትንሽ እንጨት ወይም በጨርቅ ጥቅል ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠቀለሉ ያወጧታል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ትሏ ከመካከል የተበጠሰች እንደ ሆነ በሥጋ ውስጥ የቀረው ብርቱ እብጠትና መግል ያመጣል፤ መገጣጠሚያንም ሊያደርቅ ይችላል። ይህን ትል በሰው ገላ ውስጥ የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ክትባትም የለውም፤ አንድ ጊዜ የታመመ ሰውም ሁለተኛ ከመታመም አይድንም። ስለዚህ መከላከያው ብቻ መድኃኒት ሆኗል።

መከላከያውም ከባድ አይደለም። የሚጠጣውን ውሃ ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፤ ወይም ማፍላት፤ ቁስል ያለበት ሰው ወደ ኩሬ እንዳይገባ መከልከልና ውሃ በዕቃ ተቀድቶ እንዲሰጠው ማድረግ ነው። ጨርቁ ሲጠለልበት አንድ ገጹ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን፤ ተገልብጦ የተጠለለበት እንደ ሆነ አስቀድሞ የተያዙት ቁንጫዎች ተመልሰው ወደ ማሰሮው ይወርዳሉ።

በዚህ በቀላል ሥራ ምን እንደ ተደረገ ቁጥር ይመስክር። በ1986 ይህ በሽታ በአፍሪካና በእስያ በሚገኙ 21 አገሮች 3 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰዎችን በየዓመቱ ይይዝ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ያቆሙት የካርተር ማዕከል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የየአገሩ መንግሥታት ተባብረው ከሠሩ በኋላ በ2023 በዓለም ሁሉ የታመሙት 14 ሰዎች ብቻ ሆኑ። ይህም የሆነው በመርፌና በእንክብል አይደለም፤ በጨርቅ፣ በትምህርትና በመንደር ሰው ትጋት ነው።

በአገራችንም በሽታው ከብዙ ስፍራ ጠፍቶ በጋምቤላ ቀርቶ ነበር። በ2018 እና በ2019 አንድም ሰው ሳይታመም ቆየ፤ ብዙዎችም አለቀ ብለው ተስፋ አደረጉ። በ2020 ግን 11 ሰዎች እንደገና ታመሙ። ከዚህም የምንማረው በሽታ ሲቀንስ ጥንቃቄ መቀነስ እንደሌለበት ነው። ደግሞም ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ ተገኝቷል፤ ስለዚህ በዚያ አገር የሚኖር ሰው ውሻውን ማሰርና ከኩሬ ማራቅ፤ የዓሣንም ሆድ ዕቃ ለውሻ ሳይጥል መቅበር ይገባዋል።

ስለ ቢልሃርዝያ

ይህን ትል በ1851 በካይሮ ከተማ የሬሳ ደም ሥር ሲመረምር ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። ትሉ ርዝመቱ 1 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ወንዱና ሴቲቱ ተጣብቀው በአንጀት ዙሪያ ወይም በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ሴቲቱ በየቀኑ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ ከዓይነ ምድር ወይም ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ከፊሉ ግን መውጫ አጥቶ በጉበትና በፊኛ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ሰውን የሚጎዳው ከትሉ ይልቅ ይህ የቀረው እንቁላል ነው። ከጊዜ በኋላ ጉበት ይጠነክራል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ አንዳንዱም ደም ያስታውካል። በፊኛ ዙሪያ በሚኖረው ዓይነት የተያዘ ሰው ደግሞ ደም የተቀላቀለበት ሽንት ይሸናል።

ወደ ሰው የሚመጣውም እንዲህ ነው። በሽተኛ በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር በተጸዳዳ ወይም በሸና ጊዜ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይፈለፈላል። የተፈለፈለውም በውሃ ዳር ወደሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ በዚያም ተባዝቶ በብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣል። ይህ የወጣው በውሃ ውስጥ እየዋኘ ሰውን ይጠብቃል፤ የሚዋኝ ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ዓሣ የሚያጠምድ ወይም መስኖ የሚያጠጣ ሰው ያገኘ እንደ ሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ መጠጣትም አያስፈልገውም። ደህና ቆዳ ይበቃዋል።

በአገራችን በአንጀት ዙሪያ የሚኖረው ዓይነት በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በትግራይ፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች አካባቢ፣ በሌላም በብዙ ስፍራ ይገኛል። በፊኛ ዙሪያ የሚኖረው ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ ቆላ፣ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ አጠገብና በምዕራብ በኩል በኩርሙክ አካባቢ ይታወቃል። ስለዚህ ወንድ ልጅ ደም መሽናቱ የጉልምስና ምልክት ነው ተብሎ በየትም ስፍራ አይናገር፤ የበሽታ ምልክት ነውና።

ለዚህ በሽታ ፕራዚኳንቴል የተባለ ጥሩ መድኃኒት አለ። ለልጆች በብዙ ስፍራ በትምህርት ቤት በኩል ይታደላል፤ ልኩም በቁመት ይወሰናል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ያደገውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግመኛ እንዳይገባ አይከለክልም። ዛሬ መድኃኒት ውጦ ነገ በዚያው ውሃ የሚዋኝ ልጅ በሽታውን እንደገና ይሸምታል። ስለዚህ መድኃኒትና መጸዳጃ ቤት ተለያይተው ሊሠሩ አይችሉም።

በዚህ ነገር የአገራችን ሊቅ የሠራውን ሥራ ተማሪዎች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ለመመርመር ወደ ዓድዋ ወርደው ሳለ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያም የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን የሚገድል ኃይል እንዳለው በምርመራ አረጋገጡ። ስለዚህም ሥራቸው በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን ነጭ ልብሳቸውን ለማንጻት ለብዙ ዘመን ሲወቅጡት የኖሩት እንዶድ የተሰወረ ጥቅም ነበረው፤ ያንንም የገለጠው ዓይኑን ከፍቶ የተመለከተ ሰው ነው። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ማንም በገዛ ፈቃዱ ወደ ወንዝ እንዳይጨምረው መጠንቀቅ ይገባል፤ ይህ በዐዋቂ ምክር የሚሠራ ነው።

ስለ ኦንኮሰርካ

ሦስተኛው ትል በቆዳ በታች በጕጥ ውስጥ ተጠምጥሞ ይኖራል። ጕጡ በዳሌ፣ በጎድንና በጉልበት አጠገብ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ሴቲቱ ትል እስከ 50 ሳንቲሜትር ትረዝማለች፤ ከ10 እስከ 15 ዓመትም በሕይወት ትቆያለች። በዚህ ዘመን ሁሉ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ እጮችን ትወልዳለች፤ እነርሱም በቆዳ ውስጥ ይበተናሉ። በሞቱም ጊዜ ብርቱ እከክ ያመጣሉ። ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ ቆዳ ይሻክራል፣ ይሸበሸባል፤ በቅልጥም ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጭ ነጭ ሆኖ ይዥጐረጐራል። እጮቹ ወደ ዓይን የገቡ እንደ ሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰውን ያሳውራሉ። በአፍሪካ ምዕራብ ሰዎች በዚህ ምክንያት ለም የወንዝ ዳር መሬታቸውን ትተው እስከ መሰደድ ደርሰው ነበር። በአገራችን ከዕውርነት ይልቅ የሚበዛው የቆዳው ሥቃይ ነው።

ይህን ትል ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ጥቁር ዝንብ ናት። ልጆቿን የምታሳድገው በፍጥነት በሚፈስና አረፋ በሚያነሣ ንጹሕ ወንዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ በከፋ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በመተከል፤ እንዲሁም በቋራና በመተማ ቆላ፤ ውሃ የማይጠፋባቸው የተባረኩ አገሮች የዚህ በሽታ አገሮች ሆኑ።

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ይባላል። መነሻው ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉ ሊቅ በጃፓን አገር ከአፈር ያገኙት ጥቃቅን ተሐዋስ ሲሆን፤ ከዊልያም ካምቤል ጋር በ2015 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለውበታል። የመድኃኒቱ ባለቤት የሆነው ሜርክ የተባለው ኩባንያ በ1987 ለዚህ በሽታ ያለ ዋጋ እንደሚሰጥ አስታወቀ። መድኃኒቱ እጮቹን ይገድላል፤ ያደገችውን ትል ግን አይገድልም። እርስዋ በሕይወት ሳለች ሌሎች እጮች ትወልዳለችና መድኃኒቱን በታዘዘው ጊዜ ሁሉ ለብዙ ዓመት ሳያቋርጡ መዋጥ ያስፈልጋል። ቁመታቸው ከ90 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ጽኑ ሕመም ያላቸው አይወስዱም።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ይወቁ። መድኃኒቱን የዋጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያሳክከውና ሊያብጠው ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ባየ ጊዜ መድኃኒቱ አሳመመኝ ብሎ ይተወዋል፤ ጎረቤቱንም ያስተዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ በቆዳ ውስጥ የነበሩት እጮች በሞቱ ጊዜ ገላ ይቆጣል። በጥቂት ቀን ያልፋል፤ ከበዛ ግን ወደ ጤና ኬላ መሄድ ነው። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው አይደነግጥም።

ስለ ዝሆኔ ጥቂት ቃል

የእግር ማበጥ የሆነውን ዝሆኔን ብዙ ሰው ከዘር የመጣ እርግማን ያደርገዋል። ዝሆኔ ሁለት ምክንያት አለው። በአንዳንድ ቆላ ስፍራ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ ትል የገላን ፈሳሽ መንገድ ዘግቶ ያሳብጣል። በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ትል አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ብዙ ዘመን ከመሄድ ነው። ይህኛው ጫማ በማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ ይከለከላል። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው በመንካት አይተላለፉም፤ ስለዚህ በሽተኛውን ከማዕድ መለየት፣ ልጁንም ለጋብቻ መንሳት ግፍ ነው።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተጻፈ ምክር

ይህን የሚጽፍ ሰው በቆሎ ተማሪነቱ ዘመን ከጅረት በእጁ እየዘገነ ሲጠጣ፣ ከጓደኞቹም ጋር በኩሬ ሲዋኝ አድጓል። ጥሩ ውሃ የሚባለው ድንጋዩ ከታች የሚታይበት ውሃ ይመስለው ነበር። ዛሬ ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ውሃ አለመሆኑን ተረድቷል። የውሃ ቁንጫይቱ በጠራ ውሃ ትኖራለች፤ የቢልሃርዝያ እጭ ውሃን አያደፈርስም፤ ጥቁር ዝንብም የምትወድደው ንጹሑን ወንዝ ነው። ልጆችም ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይማሩ።

መምህር ሆይ፤ ከተማሪዎችህ መካከል ሁልጊዜ የሚያክከውን፣ ደም የሚሸናውን፣ እግሩ ላይ የሚያቃጥል እብጠት የወጣበትን ልጅ ብታይ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍረው። ለብቻው ጠርተህ ጠይቀው፤ ለወላጆቹ ነግረህም ወደ ጤና ኬላ ይሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሏልና፤ ልጅ በሽታውን የሚደብቀው ደግሞ መሳለቂያ እሆናለሁ ብሎ ሲፈራ ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ መጸዳጃ እንዲቆፈር አድርግ፤ ውሃ ማጥለያ ጨርቅም በማሰሮው አፍ ላይ አስረህ በዓይናቸው አሳያቸው። በቃል ከተነገረ ይልቅ በዓይን የታየ ይጸናል።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ በዕድርና በሸንጎ ቃላችሁ ይሰማል። ወንዙን በሦስት ክፈሉት፤ ከላይ የሚቀዳበት፣ ከዚያ በታች ከብት የሚጠጣበት፣ ከሁሉ በታች የሚታጠብበት ይሁን፤ በወንዝ ዳር መጸዳዳትንም በመንደር ስምምነት ከልክሉ። መድኃኒት አዳይ በመጣ ቀን አስቀድማችሁ እናንተ ዋጡ፤ ሕዝቡ እናንተን አይቶ ይከተላል። እግሩ የቆሰለውን ሰው ከኩሬ ስትከለክሉት ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ ውሃ ቀድታችሁ አድርሱለት፤ እርሻውንም በደቦ እረሱለት። የተከለከለ ነገር ግን ያልተረዳ ሰው በጨለማ ወደ ኩሬው ይሄዳልና።

በጊኒ ትል ምክንያት ይታመሙ ከነበሩት 3 ሚሊዮን ተኩል ሰዎች ወደ 14 የተደረሰው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። የቀሩት ጥቂቶች የሚጠፉት፤ የቢልሃርዝያና የኦንኮሰርካ ሥቃይም የሚቀንሰው በዚያው መንገድ ነው፤ ይኸውም አንዱ መንደር ሌላውን ሳይጠብቅ የገዛ ውሃውን በመጠበቅ ነው።